ዊልፍ አውትራም ሳይጠግነው የኖረው ቀዳዳ

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። ዊልፍ አውትራምን ያየ ሰው ተረቱ ለእሱ የተተረተ ይመስለዋል። በዊርክስወርዝ ከተማ የአሮጌ ቤቶችን የጭስ ማውጫ ሲጠግን አርባ አምስት ዓመት የኖረ ግንበኛ ነው። በገዛ ቤቱ ቆጥ ላይ ግን፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ጡብ የወደቀበት የጭስ ማውጫ አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጊዜ አጥቶ አይደለም። ስለ ዊልፍ ብዙ ነገር ይባላል፤ ሰነፍ ነው ያለ ሰው ግን የለም። ያልጠገነው በዚያ ቀዳዳ በኩል የጎረቤቱ የቤሪል ግራተን የምድጃ ሽታና እንጉርጉሮዋ ስለሚመጣለት ነበር።

ዳገቱ ላይ ያሉት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ዊልፍና ቤሪል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የሁለቱም ምድጃ ጭስ በዚያው ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ይወጣል። ቆጡ ላይ ሲደርስ ሁለቱ የጭስ መንገዶች በአንድ ወፍራም የጡብ ግንብ ተጠቅልለው ጣሪያውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ግንቡ የቆመው በዊልፍ በኩል ነው። ስለዚህ የቤሪል ጭስ ሰማይ ከማየቱ በፊት በዊልፍ ጣሪያ ሥር ያልፋል። የሚወድቅ ጡብ ካለም የሚወድቀው ዊልፍ እግር ሥር ነው።

ቤሪል ወደዚያ ቤት የገባችው ሙሽራ ሆና ነው። ባሏ ሮይ ከከተማው በላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ማውጫ የሚሠራ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሰው ነበር። ዊልፍ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ዕቃ ሲገባ የልብስ ሣጥኑ ጠባቡ ደረጃ ላይ አልዞር ብሎ ሮይ ጎረቤቱን ጠራው። ዊልፍ ከታች ሆኖ ሣጥኑን ተሸከመ፤ ሙሽራዋ ከላይ ሆና አጎንብሳ፣ «ቀስ በል፣ ጣትህን እንዳያገኘው» አለችው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልተባለም። ጣቱን አላገኘውም። ሌላ ቦታ ግን አገኘው፤ እስከ ዛሬም አልሻረለትም።

የጓደኛ ሚስት ናት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ሌላ ሴት አላገባም። ሰዎች ሲያሾፉበት ዊልፍ የጭስ ማውጫ አግብቷል ይሉ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ክሬግ የሚባለው የቤሪል ልጅ ሲወለድ መጫወቻ ፈረስ ጠረበለት፤ ልጁም አፉን ሲፈታ አጎቴ ዊልፍ አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሄደ፤ ከዚያ የሮይ ሳንባ የድንጋይ ማውጫውን አቧራ መቋቋም አቃተውና ሞተ።

ዝም ቢልም የልቡ ለማንም አልተሰወረም ነበርና፣ መንደሩ ሁሉ አንድ ዓመት ቆጠረለት። ሐዘኑ ይውጣ፣ ከዚያ ዊልፍ አንድ ነገር ይላል ተባለ። እሱም ሊል አስቦ ነበር። የጓሮውን አጥር ተደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዘንድሮ ጎመኑን ቀንድ አውጣ ፈጀው» አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዝናብ እንደሚመጣ ነገራት። የዚያ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ስለ አየሩ ሁኔታ የሚያወራ ሕዝብ ነው፤ ዊልፍ ደግሞ ከእነሱም ይብሳል።

ጡቦቹ የወደቁት በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ብርቱ ውርጭ ነበር። ዱብ የሚል ድምፅ ሰምቶ፣ ኖራውንና ባልዲውን ይዞ ቆጡ ላይ ወጣ። በግንቡ ላይ፣ በቤሪል የጭስ መንገድ በኩል፣ በደረቱ ትክክል፣ ሁለት ጡብ የሚያህል ቀዳዳ አየ። ጡቦቹ መሬት ላይ ናቸው፤ አንዱን አንሥቶ ጥላሸቱን ጠራረገ። ሊከት እጁን ሲዘረጋ ከቀዳዳው ውስጥ የሴት እንጉርጉሮ ወጣ። ቤሪል ከታች፣ ከምድጃዋ ፊት ተቀምጣ፣ እሳት እየቆሰቆሰች ታንጎራጉራለች። የአፕል እንጨት ጭስ ሽታም አብሮ ይመጣል። ዊልፍ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት። ጡቡን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እሷ እሳቷን በምታነድበት ሰዓት፣ ቆጡ ላይ ይወጣል። ነውር መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ለራሱ ደንብ አወጣ፤ ሰው ሊጠይቃት ከመጣ ወዲያው ይወርዳል፤ ስልክ ካነሣች ይወርዳል፤ ካለቀሰችም ይወርዳል። ሁለት ጊዜ አልቅሳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶ ወጥ ቤቱ ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። የሚሰማው እንጉርጉሮዋንና የእሳት መቆስቆሻዋን ኳኳታ ብቻ ነው። ያም ይበቃው ነበር፤ ወይም ይበቃኛል ይል ነበር።

ይኸው ሰው በሌላ ሰው ቤት ቆጥ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። ሚስማር የምታህል ቀዳዳ ካገኘ ባለቤቱን ጠርቶ ያስጨንቀዋል። በዚህ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ አትነሡም፣ ልጆቻችሁን አስቡ ይላል። አንድ ጡረታ የወጣ መምህርማ ተቆጥቶ አስለቅሶታል ይባላል። ከዚያ ቤቱ ይመለስና የቆጡን መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጎ ከዚያው ከመርዙ አጠገብ ይቀመጣል።

ክፋቱ ግን የራሱን ነፍስ ማስያዙ ብቻ አልነበረም። ምድጃ ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው የጭሱ መንገድ ሞቆ ሲቆይ ነው። መንገዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ሙቀቱ ይሞታል፣ ጭሱም ተመልሶ ወደ ቤት ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ምድጃው አምስት ክረምት ከቻለው በኋላ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ቤሪል ዓይኗ ቀልቶ አጥሩ ጋ መጣችና፣ «ዊልፍ፣ ምድጃዬ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ፊቷን ሳያይ፣ «እንጨትሽ እርጥብ ነው» አላት።

ሙያተኛ ሲዋሽ ማን ይጠረጥራል? አመነችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤሪል ወጥ ቤት የእንጨት መጋዘን ሆነ። በማብሰያው ዙሪያ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በወንበሮች ሥር፣ እንጨት ብቻ ነው። እያንዳንዱን እያገላበጠች፣ ጉንጯ ላይ እያስነካች፣ ደረቀ አልደረቀም ብላ ትፈትሻለች። ጭሱ ግን አልቀነሰም። ዊልፍ ይህን ሁሉ በመስኮቷ ያያል፤ በልቡም ነገ እጠግነዋለሁ ይላል። እሑድ ሲመጣ ያ ነገ ይረሳል።

በዚህ ዓመት የካቲት ላይ ክሬግ ከሌስተር መጥቶ የዊልፍን በር አንኳኳ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ሆኗል። ሻይ ተፈላለት፤ አልጠጣውም። እናቱ ክረምቱን ሙሉ ስትስል መክረሟን፣ ሐኪሙ ከጭስ ትራቅ ማለቱን፣ በእሱ ሰፈር ምድጃ የሌለው አንድ ክፍል ቤት እንዳገኘላት ተናገረ። እስከ ፋሲካ ጭሱ ካልቆመ ይወስዳታል።

«እሷስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ ዊልፍ።

«እሳት ከሌለበት ሁሉም ቤት አንድ ነው፣ የትም ውሰደኝ ነው ያለችው።» ክሬግ ስኒውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «አጎቴ ዊልፍ፣ አንተ ታውቃለህ። እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ምድጃ ይድናል ወይስ አይድንም?»

«ይድናል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልዳነም?»

ዊልፍ ያልተጠጣውን ሻይ አንሥቶ ደፋው። ክሬግ ከሄደ በኋላ ቆጡ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ሲያይ ቆየ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። እንጉርጉሮዋን አላጣም ብሎ ሲጠብቅ ራሷን ከጎኑ እያባረራት ኖሯል። ያሳላት እሱ ነው፤ ዓይኗን ያቀላው እሱ ነው፤ ሌስተር የሚሰዳትም እሱ ነው። አፈረ፤ ብቻውን ሆኖ እንኳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በማግስቱ እሳት እንዳታነድ ነግሯት ሥራ ጀመረ። ቤሪል እንጨቱ ነው አላልክም ነበር ወይ ብትለው፣ እንጨቱም ግንቡም ነው አላት። ይኸውላችሁ፣ ሁለተኛ ውሸት። ፍርሃት አንዴ የለመደውን አፍ ቶሎ አይለቅም።

ቀዳዳው ሲነካ ሁለት ጡብ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ከአምሳ ዓመት በፊት የሆነ ሰው የግንቡን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ሞልቶታል። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ የጥንት ጡብ ደግሞ ልል ነው፤ በውርጭና በሙቀት ሲገፋፉ የሚሸነፈው ጡቡ ነው። ዊልፍ በተንበረከከበት፣ በትንሽ መሮና በመዶሻ፣ ሲሚንቶውን ፍርፋሪ በፍርፋሪ እየጫረ አወጣው። የተሰነጠቁ አሥራ ስምንት ጡቦች ነቀለ። በምትካቸው ጓሮው ያለውን የራሱን የከሰል ማስቀመጫ ጎጆ አፍርሶ ተመሳሳይ አሮጌ ጡብ አመጣ። አሮጌ ጡብ የተጠማ ነውና እያንዳንዱን ከመገንባቱ በፊት ባልዲ ውስጥ ነክሮ ውሃ ያጠጣዋል፤ ካልሆነ የኖራውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል።

ለውስጠኛው ልስን ደግሞ ኖራው ከላም እበት ጋር መለወስ አለበት፤ እሳትን የሚችለው እሱ ነው። አባቱም የአባቱም አባት እንዲሁ ነበር የሚሠሩት። ኮረብታው ላይ ከብት ወደሚያረባው ወደ ክላይቭ ሄዶ ባልዲውን አቀበለው።

«ሰባ ሊሞላህ ነው፣ አሁንም እበት ለቀማ ነህ?» አለው ክላይቭ። «ለማን ቤት ነው?»

«ለቤሪል።»

ክላይቭ ባልዲውን ሞልቶ መለሰለት። «አርባ ዓመት አስበህ አስበህ ለሴትየዋ ይዘህላት የምትሄደው ስጦታ ይኼ ነው?»

ዊልፍ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። ቤሪል እሳት ስለማታነድ ቆጡ ጭር ብሏል፤ ከቀዳዳው የሚመጣው ብርድ ብቻ ነው። ማታ ማታ ኖራው በውርጭ እንዳይመታ በጆንያ እየሸፈነው ይወርዳል። በአሥረኛው ቀን የቀረው የአንድ ጡብ ቦታ ነበር።

የመጨረሻው ጡብ ከመግባቱ በፊት በሙያው የማይዘለል ነገር አለ። ፍርስራሽ ወድቆ የጭሱን መንገድ ዘግቶት እንዳይሆን፣ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው ከላይ ያወርዳሉ፤ አንድ ሰው ከታች ምድጃው ጋ ሆኖ መድረሱን ይናገራል። ያለ ሁለት ሰው አይሆንም። ክሬግ ሌስተር ነው። ዊልፍ ቤሪልን ለመናት፤ እሷም ምንጣፏን ጠቅልላ ምድጃው ፊት ተንበረከከች።

ድንጋዩን በቀዳዳው አስገብቶ ቀስ እያለ ለቀቀው። ገመዱ ሲረግብ አፉን ቀዳዳው ላይ ገጥሞ፣ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

«ደርሷል፤ ምን ያስጮኽሃል? አጠገቤ ቁጭ ያልክ ያህል ነው የምትሰማኝ።»

ቤሪል ነገር የሚዘገይባት ሴት አይደለችም። ዊልፍ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ዊልፍ» አለች ከታች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተስ እኔን እንዲህ ነው የምትሰማኝ?»

አልሰማሽም ማለት ይችል ነበር። አፉ ለዚያ የሠለጠነ ነው። ጡቡ በእጁ ነው፤ ኖራው ተለውሷል፤ ቢከተው ነገሩ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

«አዎ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሮይ በሞተ በዓመቱ ነው ጡቡ የወደቀው።»

«ምን ምን ስትሰማ ኖርክ?»

«ስታንጎራጉሪ ብቻ። ሰው ሲመጣ እወርዳለሁ። ስታለቅሺም ወርጃለሁ።» አንዴ ጀምሮታል። «ጭሱን ወደ ቤትሽ የመለሰው ይኼ ቀዳዳ ነው። እያወቅሁ ነው ያልዘጋሁት።»

«እንጨቴስ?»

«እንጨትሽ እርጥብ ሆኖ አያውቅም።»

ገመዱ ከታች አንዴ ተሳበ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች ቤሪል። «ስድስት ዓመት እንጨት እንደ ሕፃን ሳገላብጥ ኖርኩ። ድንጋይህን ውሰድና ዝጋው።»

ድንጋዩን ስቦ አወጣ። ጡቡን ነክሮ፣ ኖራ ቀብቶ፣ ከተተውና ዙሪያውን ደፈነው። እጁማ ሙያውን ያውቃል።

ኖራ እስኪጠና ድረስ እሳት አያይም፤ ስለዚህ አንድ ወር መጠበቅ ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት ቤሪል ከወጥ ቤቷ እንጨት ማውጣት ጀመረች። አንድ በአንድ እያወጣች ጓሮው ውስጥ፣ እሱ በሚያይበት ቦታ፣ ወረወረችው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። መንገድ ላይ ሲገናኙ ደህና ዋልክ ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልጨመረችለትም። አጥሩ ጋም አትመጣም።

ያን ወር ዊልፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ባሕር ማዶ የሄደ ዘመዱ ይናፍቀዋል። እሱ ግን አንድ ክንድ ከማይሞላ ግድግዳ ወዲያ ያለች፣ ጠዋት ጠዋት በሯን ስትከፍት የሚሰማት ሴት ናፈቀችው። እሑድ ከምሳ በኋላ እግሩ ራሱ ወደ መሰላሉ ይወስደዋል፤ መሰላሉን ይዞ ቆሞ ይመለሳል። ምግብ አልበላ ብሎት ክላይቭ የላከለት እንቁላል መደርደሪያው ላይ ተከማችቶ ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ ክሬግ መጣና እናቱ እሳት አነደደች። ዊልፍ መንገድ ተሻግሮ ጣሪያውን አንጋጦ ቆመ። መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ጭስ ወጣ፤ ጡቡ እየሞቀ ሲሄድ ቀጠነ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ከዚህ ወዲያ ቤት ውስጥ አንዲት የጭስ ክር እንደማትኖር ለማወቅ መግባት አላስፈለገውም። ክሬግ እየሮጠ ወጥቶ እጁን ጨበጠው። ቀርታለች፣ የትም አትሄድም፣ አንተ ነህ ያቆየሃት አለው። ምስጋናው ዊልፍን አሳፈረው፤ ወደ ቤቱ ገባ።

ቆጡ ላይ ወጣ። መዳፉን ግንቡ ላይ አደረገ፤ ለብ ብሏል። ጆሮውን ለጠፈበት። እስትንፋስ እንኳ አያልፍም። ሽታም የለም። በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የተዋጣለት ይኸኛው ነበር፤ ጠላው። ባልዲው ላይ ተቀምጦ እንደዚያው ቆየ፤ የክሬግ መኪና ዳገቱን ሲወርድ ሰማ።

ትንሽ ቆይቶ የፊት በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ቤሪል ናት፤ ሽርጧን አልፈታችም። የዚያ ሰፈር ሰው በጓሮ በር ነው የሚገናኘው፤ በአርባ አራት ዓመት ውስጥ የፊት በሩን አንኳኩታ አታውቅም። «ና» አለችው፤ ዞራ ሄደች። ተከተላት።

ክፍሉ ጥርት ያለ ነው። እሳቱ ይነዳል። ሁለት ወንበር ምድጃው ፊት ተቀምጧል። አንዱን አሳየችው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቤሪል ግን እንጨት ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይኼን እወቅ» አለችው። «አሥራ አንድ ዓመት አንተ እኔን ሰማህ። እኔ ካንተ ከጎመንና ከዝናብ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ዛሬ አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ዊልፍ እሳቱን አየ። «ከየት ልጀምር?» አላት።

«ጡቡ ከወደቀበት ቀን ጀምር።»

አይደለም በሚል አንገቱን ነቀነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አያት።

«ከዚያ በፊት ነው» አላት።

ቤሪል የያዘችውን እንጨት እሳቱ ላይ አኖረችና፣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ ተቀመጠች።